የአጎትም ብትሆን ኮፈኗ ይከፈት!

ለዛሬ አንዲት ደብዳቤ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። ጸሐፊው የ28 ዓመት ወጣት ነው። ስሙን እንዳልጠቅስ አደራ ስላለኝ እንዲሁ "ወንድሜ" እያልኩ ልመልስለት።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። እሱና እጮኛው ሦስት ዓመት እቁብ ጥለው ለትዳራቸው ያጠራቀሟት ገንዘብ አለች። አጎቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የተሠራች፣ ሰባት ሰው የምትጭን የናፍጣ ፓጄሮ አላቸው። "ለባዳ ከምሸጣት አንተ ውሰዳት፤ እናትህንና እህቶችህን ይዘህ አገር ቤት ትወርድባታለህ" ብለውታል። ልጁ መካኒክ ይዞ እንዳይሄድ ይሉኝታ ያዘው። እጮኛው ግን "ሳትታይ አንዲት ብር አትወጣም!" ብላለች። ማንን ልስማ? ነው ጥያቄው።

ወንድሜ፣ እኔ ከእጮኛህ ጋር ነኝ። ዝምድና ለሠርግና ለለቅሶ ነው፤ ሞተር ዘመድ አያውቅም!

መኪናዋን ግን አላጣጥላትም። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የወጣችው ይህቺ ሁለተኛዋ ፓጄሮ ጠንካራ ሻንሲ አላት። ብዙዎቹ ላይ ያለው የማርሽ ዘዴ እየሄድክ ከሁለት ጎማ ወደ አራት ጎማ ለመቀየር ያስችላል። ጭቃና ኮረት ላይ ጌታ ነች። በዳካር ውድድርም የፓጄሮ ስም 12 ጊዜ አሸንፏል። ነገር ግን ያሸነፈችው የአጎትህ መኪና አይደለችም! የአጎትህን ለብቻዋ መመርመር አለብህ።

እንግዲህ በጠዋት ሂድ፤ ቀድመህም አትደውል። ኮፈኑን በእጅህ ንካው። ሞቆ ከጠበቀህ ቀድማ ተነስታለች ማለት ነው፤ ሌላ ቀን ተመለስ። የናፍጣ ሞተር ሕመሙን የሚናገረው በብርድ ሲነሳ ነው። ከዚያ ጭሱን ተመልከት። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፤ ፊልትሮ ወይም ኖዝል ይታይ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ የሚተፋ ከሆነ ግን ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ፍራው።

የዚህች መኪና ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። ባለ 2.5ም ሆነ ባለ 2.8 ሊትር ሞተሯ አንዴ ውሃ ጨርሳ ከጋለች ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈትና አስነሳ። አረፋ ያለማቋረጥ ከፈላ፣ ወይም የዘይቱ ክዳን ሥር ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካየህ ዋጋ አትጠይቅ፤ ቡናህን ጠጥተህ ውጣ። ባለ 2.5ቱ ከሆነች ደግሞ የታይሚንግ ቺንጊያው መቼ እንደተቀየረ ጠይቅ። እሱ ሲበጠስ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠረው። ባለ 2.8ቱ ሰንሰለት ስለሆነ በዚህ በኩል ይሻላል።

ቀጥሎ ቤተሰቡን ሰብስብ! ሰባት ሆናችሁ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ውጡ። የሙቀት መርፌው ዳገቱ ላይ ከመሀል ካለፈ ምርመራው አለቀ። በዚያውም እህቶችህ የኋለኛውን ወንበር ይሞክሩት። ለሕፃናት ጥሩ ነው፤ ለትልቅ ሰው ጉልበት ግን አይመችም። ቀበቶዎቹ መሥራታቸውንም እይ። ሰባት ሰው ከተቀመጠ ለሻንጣ የሚተርፍ ቦታ ትንሽ ነው። ፖርቶ መጋላው ላይ ከመጠን በላይ ከቆለልክ ደግሞ ረጅም መኪና መታጠፊያ ላይ ትገለበጣለች።

ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር ይመሳከር፤ እዳና እገዳ እንደሌለባትም ይጣራ። የባልና ሚስቱ የጋራ ንብረት ከሆነች ባለቤታቸውም መስማማት አለባቸው። ይህን የሚለው የቤተሰብ ሕጉ ነው።

"ዛሬ ካልገዛኋት ነገ አላገኛትም" ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ሻጭ ሁሉ ይህንን እየጠራ ዋጋ ይሰቅላል። ዋጋ ስለተሰቀለ ግን የተሰነጠቀ ቴስታታ አይገጥምም!

ለአጎትህ እንዲህ በላቸው፦ "ጋሼ፣ ሳላሳይ ገዝቼ ነገ መንገድ ላይ ብትቆም እርስዎን ነው የማማው። ሐሜት መሀላችን ከሚገባ ዛሬ መካኒክ ይያት።" ቅን ሰው ከሆኑ በዚህ አይቀየሙም። ከተቀየሙም የአንድ ሳምንት ኩርፊያ ከሦስት ዓመት እቁብ ይረክሳል።

ፈተናውን ካለፈች ግዛት። ግን የእቁቡን ገንዘብ ሙልጭ አድርገህ አታውጣ። ከአምስት እጅ አንዱን ለዘይት፣ ለቺንጊያ፣ ለጎማና ለፍሬን አስቀር። አገር ቤት የምትወርደው በዓመት አንዴ ለፋሲካ ብቻ ከሆነ ደግሞ ተከራይተህ ሂድ፤ ገንዘቡ ለጎጆአችሁ ይዋል። ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ግን ብቻህን አትወስናት። እቁቡን የጣላችሁት ሁለት ሆናችሁ ነውና!

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እንገናኝ። ቸር ሰንብቱ!