የስልክ ጨዋታ መሥራትም ሥራ ነው



በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የምትማር አንዲት የሰፈራችን ልጅ ለመመረቂያዋ የስልክ ጨዋታ እየሠራች ነው። ሚኒባስ ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ኩርባ ላይ የቀደመ ሾፌር ይሸነፋል። ቤታቸው ስለጠበባት ማታ ማታ በማኅበሩ አዳራሽ ልሥራ ብላ ብትጠይቀን፣ «ለጨዋታ አዳራሽ አንከፍትም» ብለን መለስናት። ተሳስተናል።

ልጆቻችን ስልክ ላይ እያፈጠጡ ያድራሉ የሚሉ ወላጆች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን የሚጫወተውና የሚሠራው አንድ አይደሉም። የሚጫወተው ጊዜውን ይጨርሳል። የሚሠራው ሒሳብ ያሰላል፣ ሥዕል ይሥላል፣ ድምፅ ይቀርጻል፣ ስሕተት ሲያገኝም እንደገና ይጀምራል።

አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ በ2010ዎቹ ዓ.ም. ሮጣ የምታመልጥ ዶሮ ያለችበትን «ኩኩሉ»ን ሠርቷል፤ የአባቶቻችንን ገበጣም በስልክ አውጥቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በመንግሥት ሲጀመርም፣ ከትምህርቶቹ አንዱ የአንድሮይድ ስልክ ፕሮግራም አሠራር ነበር። ታዲያ እኛ በራችንን የምንዘጋው ለምንድን ነው?

ስለዚህ አዳራሹ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ይከፈትላት እንላለን። እሷም በፈንታዋ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ታስተምር። ገበጣ የምታውቁ አባቶችና እናቶችም ጠጠራችሁን ይዛችሁ ኑና ሕጉን ንገሯቸው፤ ከእናንተ ጋር እንዳይቀር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ተገኝታችሁ እንድትወስኑ እናሳስባለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ