ነፍሰ ጡሯ፣ ስኳሩና የኢፍጣር ማዕዳችን

በየረመዷኑ ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች መካከል የነፍሰ ጡሮች ጥያቄ ቀርቶ አያውቅም። ዘንድሮ ደግሞ «ሐኪም የእርግዝና ስኳር አለብሽ ብሎኛል፤ ልጹም ወይስ ልተው?» የሚሉን እህቶች በርክተዋል።

እርግዝና ሲገፋ ከእንግዴ ልጁ የሚመነጩ ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ሥራ ያዳክማሉ። ቆሽት ይህን ማካካስ ሲያቅተው ስኳር በደም ውስጥ ይበዛል። ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ የሚታወቀው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት በሚደረግ ምርመራ ነው። ስለዚህ «ደህና ነኝ፣ ምንም አይሰማኝም» ማለት ማስረጃ አይሆንም።

ተመራማሪዎች አሁን የአንጀት ባክቴሪያዎችንም እየመረመሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በ91 ነፍሰ ጡሮች ላይ የታተመ ጥናት ባክቴሪያዎቹ በእርግዝናው መጀመሪያና መጨረሻ በጣም እንደሚለያዩ አሳይቷል። የመጨረሻዎቹ ወራት ባክቴሪያ ወደ አይጦች ሲዛወር አይጦቹ ስብ አበዙ፤ ኢንሱሊንም እንደቀድሞው አልሠራላቸውም። ታዲያ ጠቃሚ ባክቴሪያ በእንክብል እንስጥ ተባለ። በአውስትራሊያ ከመጠን ያለፈ ክብደት ባላቸው ነፍሰ ጡሮች ላይ ሲሞከር ግን በሽታውን አልተከላከለም። ለእንክብሉ ገንዘብ ከማውጣት ማዕድን ማየት ይሻላል። ባክቴሪያዎቹ የሚመገቡት በምስር፣ በባቄላ፣ በገብስና በጎመን ያለውን ፋይበር ነው፤ ፋይበሩ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትንም ፍጥነት ይቀንሳል። በስኳር የጣፈጠ ጁስና በነጭ ዱቄት የተሠራ ሳምቡሳ በባዶ ሆድ ሲገቡ ተቃራኒውን ያደርጋሉ። (ሳምቡሳን የጠላን እንዳይመስላችሁ!)

ወደ ጾሙ ስንመጣ፣ በተለይ ኢንሱሊን የምትወጋ እናት ቀን ስኳሯ ሊወርድ፣ ከኢፍጣር በኋላ ሊያሻቅብ ይችላል። ለራሷ ወይም ለፅንሱ ከፈራች መፍታት ተፈቅዶላታል። በሐነፊ መዝሀብ ቀዷ ይበቃታል፤ በሻፊዒ ለፅንሱ ብቻ ፈርታ ከሆነ ፊድያ ይጨመርባታል። የታመነ ሐኪም «ትጎጃለሽ» ካላት ጾሙን መተው ይኖርባታል። ሐኪሟ የፈቀደላትም ብትሆን ጣቷን ወግታ ትለካ፤ ይህ ጾም አያበላሽም። ከ70 ከወረደ መግሪብን ሳትጠብቅ ትፍታ።

እኛን የሚያሳስበን ግን የቤተሰብ ዓይን ነው። «እኛ ስንቱን አርግዘን ጾመናል» የሚሉ አማቶች አሉ። በዚህ የተነሳ ጓዳ ተደብቃ የምትጎርስ አለች፤ አፍራ እስከ ማታ የምትጾምም አለች። አላህ የፈቀደላትን ሰው አይንፈጋት። ባል ምሳዋን ራሱ ያቅርብላት። ከወለደች በኋላም ከ6 እስከ 12 ባሉት ሳምንታት ዳግም እንድትመረመር ያስታውሳት፤ ኋላ ላይ በዓይነት ሁለት ስኳር የመያዝ ዕድሏ ከሌሎች ከፍ ያለ ነውና። ቀዷዋን ስታወጣስ አብሯት ቢጾም ምን አለበት?