ከዮሲ በፊት ሽትራይት ነበር

ሰሞኑን እዚህ በርን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ክርክር ገጥሜያለሁ። ከስዊዘርላንድ የወጣ ትልቁ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ማነው? እሱ ሳያመነታ "ሮማን ዮሲ" አለ። እኔ ማርክ ሽትራይት አልኩ። ሳቀብኝ። "አንተ በረዶ ላይ ቆመህ እንኳ አታውቅም!" እውነቱን ነው፣ አላውቅም። ግን ልሟገት።

በችሎታ ከሆነ ዮሲ ይበልጣል። በ2020 የኤንኤችኤል ምርጥ ተከላካይ ተብሎ ተሸልሟል። እዚህ ላይ ጠብ የለንም።

የኔ ጥያቄ በሩን ማን ከፈተ የሚል ነው። ከሽትራይት በፊት እዚያ ሊግ ውስጥ የተደላደለው የስዊስ ግብ ጠባቂ ነበር። ዳቪድ ኤቢሸር በ2001 ከኮሎራዶ ጋር ዋንጫ በልቷል። ሌሎቹ፣ ማለትም ተከላካዩና አጥቂው፣ ጥቂት ጨዋታ ሞክረው ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር።

ሽትራይት ራሱ ተመልሷል! በ1999 ሄዶ በአንድ የውድድር ዘመን ታላሃሲ፣ ዩታ፣ ስፕሪንግፊልድ እያለ በታችኛዎቹ ሊጎች ሦስት ቡድን ዞረ። ኤንኤችኤል ግን አንድ ጨዋታ እንኳ አላገኘም። ከዚያ ዙሪክ መጥቶ መጫወቱን ቀጠለ። ከውጭ አገር ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ምን እንደሚባል እኛ ሐበሾች አሳምረን እናውቃለን። "ሞክሮ አልሆነለትም" ይባልና ዶሴው ይዘጋል።

በ2004 ሞንትሪያል መለመለው። ስንተኛ ሆኖ? 262ኛ፣ በዘጠነኛው ዙር፣ በ26 ዓመቱ። አብረውት የተመለመሉት አብዛኞቹ የ18 ዓመት ልጆች ናቸው። በዓመቱ ደግሞ ምልመላው ወደ ሰባት ዙር፣ ወደ 230 ተጫዋች ወረደ። አንድ ዓመት ቢዘገይ ኖሮ 262 የሚባል ቁጥር ራሱ አይኖርም ነበር።

ሞንትሪያል ሲገባ አንዳንዴ ከቦታው አውጥተው አጥቂ አድርገው ያሰልፉት ነበር። እሺ ብሎ ተጫወተ። በ2007/08 በ62 ነጥብ ከሊጉ ተከላካዮች ሁሉ ሦስተኛ ወጣ። ኒውዮርክ አይላንደርስ በ20.5 ሚሊዮን ዶላር ለአምስት ዓመት አስፈረመው፤ በ2011 ደግሞ አምበል አደረገው። በኤንኤችኤል የመጀመሪያው ስዊዘርላንዳዊ አምበል እሱ ነው። ቡድኑ ደካማ ስለነበር ጥሩ ዓመቶቹን ብዙ ሰው አላየለትም። ስሙ እንደ ዮሲ ያልገነነው አንድም በዚህ ይመስለኛል።

ባልደረባዬ የሚያጠቃኝ በ2017ቱ ዋንጫ ነው። ሽትራይት ከፒትስበርግ ጋር ስታንሊ ካፕን ሲያነሳ በፍጻሜው አንድም ጨዋታ አልተሰለፈም። የተሸነፈው ናሽቪል ውስጥ ደግሞ ዮሲ እየተጫወተ ነበር። "ቁጭ ብሎ ያገኘው ዋንጫ" ይለኛል። ይሄ ያማል፣ አልዋሽም። ግን ያ ሰው በ39 ዓመቱ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ከ700 በላይ የኤንኤችኤል ጨዋታ አድርጎ ነው። ዋንጫውን ለአገሩ ተከላካዮችና አጥቂዎች ሁሉ ቀድሞ ያነሳውም እሱ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ሞንትሪያል ተመልሶ ሁለት ጨዋታ ካደረገ በኋላ፣ ጫማውን ሰቀለ።

ክርክሩ ሐሙስ ምሳ ላይ ይቀጥላል። ሆኪ የምታዩ ካላችሁ እስቲ ፍረዱን፤ ለኔ ባታደሉም ግድ የለም።