ሥዕልን መርጦ ስለ ማሳየት ሙያ

ሠዓሊ ሥራውን ሲፈጽም ስሙ ይጠራል፤ ያንን ሥራ መርጦ፥ ስፍራ ፈልጎ፥ ለሕዝብ ዓይን የሚያቀርበውን ሰው ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። የወይዘሮ መስከረም አሰግድ ሙያ ይህ ነው። የአቶ ኤልያስ ስሜን ሥራዎች በ2001 ዓ.ም. ከሚስተር ፒተር ሴላርስ ጋር ሆነው በአሜሪካ በሳንታ ሞኒካ ከተማ አሳይተዋል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከአቶ ኤልያስ ጋር የዞማን ቤተ መዘክር በአዲስ አበባ ከፈቱ፤ ግድግዳውም ጭቃና ጭድ ነው። (ለእኛ ቤተ መዘክር ሲባል የሚታየን ድንጋይ ነበር።) ጭቃ ቤት የድህነት ምልክት ነው እየተባለ በሚፈርስበት ከተማ፥ የመራጊውን እጅ ከሠዓሊው እጅ እኩል ማክበር ማስተዋል ያለበት ፍርድ ነው። ይህ ሙያ ካልተጻፈ ከባለሙያው ጋር የሚቀበር ስለሆነ፥ የሥዕል ተማሪ ቤቶቻችን ደቀ መዛሙርታቸውን ወደዚያ ልከው ትምህርቱን ከግድግዳው እንዲጀምሩ እንለምናለን።