ስለ መቃብሩ ዘምተው መቃብሩን ስለ ናቁ ሰዎች

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1099 ዓመት ከምዕራብ የመጡ ክርስቲያኖች ኢየሩሳሌምን በሰይፍ ያዙ፤ በ1187 ዓመትም ሱልጣን ሳላሕ አዲን መልሶ ወሰዳት። ከዚህ በኋላ በልብሱ ላይ መስቀል ሰፍቶ የሚዘምተው ሁሉ ምክንያቱን ቢጠይቁት፥ «የጌታችንን መቃብር ለማስለቀቅ ነው» ይል ነበር። ይህ ቃል የተፈተነው ግን በጦር ሜዳ አይደለም፤ ጠላት የተባለው ሰው «እንካችሁ፥ ውሰዱ» ባለ ጊዜ ነው።

በ1218 ዓመት የመስቀል ጦረኞች ወደ ግብጽ ተሻግረው በዓባይ ወንዝ አፍ አጠገብ ያለችውን ድምያጥን ከበቡ። አሳባቸው ግብጽን አስጨንቆ ኢየሩሳሌምን ማስለቀቅ ነበረ፤ አሳባቸውም ሠመረ። በ1219 ዓመት የግብጽ ሱልጣን አል ካሚል መልክተኞች ልኮ፥ ከአገሬ ውጡልኝ፥ ኢየሩሳሌምንና የቀድሞ ግዛታችሁን እሰጣችኋለሁ፥ ከዮርዳኖስ ማዶ ያሉትን ሁለቱን አምባዎች ብቻ ለራሴ አስቀራለሁ አላቸው።

የኢየሩሳሌም ንጉሥ የሚባለው ዮሐንስ ዘብርየን እንቀበል አለ። የሮማው ሊቀ ጳጳሳት እንደራሴ ካርዲናል ጴላግዮስ ግን እንቢ አለ፤ የኢጣልያ ነጋዴዎችም ድምያጥ ለንግድ የተመቸች ወደብ ናትና ከእርሱ ጋር ሆኑ። የኢየሩሳሌም ቅጥር ፈርሷል፥ ሁለቱ አምባዎች ካልተያዙም ከተማይቱን ልንጠብቃት አንችልም የሚል ምክንያት ሰጡ። ይህ ምክንያት ለጦር አዋቂ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን አንድ ሰው የተማረከች እናቱን ሊዋጅ ርስቱን ሸጦ ከሄደ በኋላ፥ ማራኪው «ውሰዳት» ቢለው፥ «የምትኖርበት ቤት መዝጊያ የለውም» ብሎ ቢተዋት፥ ያን ሁሉ መንገድ የሄደው ስለ እናቱ ነውን?

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ድምያጥ ተያዘች። የገቡባትም ሰዎች ያገኙት በራብና በደዌ አልቆ በየቤቱ የወደቀ ሕዝብ ነበረ። በ1221 ዓመት ደግሞ ወደ ካይሮ ተነሡ። ክረምት ነበርና ከኢትዮጵያ ተራሮች የወረደው ውሃ ወንዙን ሞልቶት ነበር፤ የጎጃም ገበሬ ልጅ እንኳ ቢጠየቅ ዓባይ በክረምት እንደማይደፈር በነገራቸው። የሱልጣኑ ሰዎች ግድቡን በከፈቱት ጊዜ መንገዱ ሁሉ ረግረግ ሆነ፤ ሠራዊቱም የሚበላውን አጥቶ እጁን ሰጠ። አል ካሚል ሊፈጃቸው ይችል ነበር። እርሱ ግን ድምያጥን ተቀብሎ የ8 ዓመት ዕርቅ አደረገ፥ ለተራቡትም ምግብ ላከላቸው። ይህን የጻፈው እስላም አይደለም፤ ከእነርሱ ጋር የዘመተ ኦሊቨር የሚባል የጀርመን አገር መምህር ነው።

በ1229 ዓመት የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 2ኛ ከዚሁ ከአል ካሚል ጋር ተዋውሎ ኢየሩሳሌምን፥ ቤተ ልሔምንና ናዝሬትን ያለ ጦርነት ተረከበ፤ የእስላሞቹ መስጊዶች ያሉበትም ስፍራ ለእስላሞቹ ቀረ። ሁለቱም ጻድቃን አልነበሩም፤ አል ካሚል የገዛ ዘመዶቹን ጠላትነት ይፈራ ነበር፥ ፍሬድሪክም የኢየሩሳሌምን ዘውድ ይሻ ነበር። ቢሆንም ብዙ ሺህ ሰው ያለቀበትን ነገር በቃል ፈጸሙት። በደማስቆ እስላሞቹ አል ካሚልን እየወቀሱ አለቀሱ። ፍሬድሪክም አስቀድሞ በሮማው ሊቀ ጳጳሳት ተወግዞ ነበርና፥ ወደ አገሩ ሊመለስ በአካ ወደብ ወደ መርከቡ ሲወርድ፥ የክርስቲያኖቹ ከተማ ሕዝብ የከብት አንጀትና የሥጋ ቍራጭ ወረወረበት።