ቴፑን ለልዋጭ አትስጡት

ዛሬ ፖለቲካ የለም። ስለ ቴፕ ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፣ ሻይ ያዙ።

«ቲቸር፣ ቤት ያለው ቴፕ አርጅቷል፣ ብሉቱዝ የለውም፤ የትኛውን እስፒከር ብገዛ ይሻላል ይላሉ?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ይበዛብኛል። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚህ በአንዴ ልጨርሰው። መልሴ አጭር ነው፤ አትግዙ። ቴፑ ላይ ብሉቱዝ ጨምሩበትና ተገላገሉ። የቀረው ጽሑፍ ምክንያቱ ነው።

እዚህ ሳሪስ አቦ የልዋጭ ልጆች በጠዋት ሲዞሩ የሚሸከሙትን አይታችሁ ታውቃላችሁ? አባት በስንት ልፋት የገዛው፣ እናት ዳንቴል አልብሳ ቡፌ ላይ ያስቀመጠችው ቴፕ በፕላስቲክ ሳፋ ተለውጦ ይሄዳል። ልጆቹ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ እንጀራቸው ነው። እነሱ እንዲያውም ዋጋውን ያውቃሉ፤ ምናለሽ ተራ ሲደርስ ስንት እንደሚያወጣ ጠይቋቸው። ዋጋውን የማናውቀው እኛ ነን። ሳፋው ቤት ሲገባ፣ ከአቦ ማዞሪያ ወደ ሳሪስ ስትሄዱ ሱቅ ደጃፍ ላይ በቀይና በሰማያዊ መብራት የሚብለጨለጨው እስፒከር ደግሞ በብዙ ሺህ ብር ይገዛል። በዚህ ንግድ ሁለት ጊዜ ነው የምንከስረው።

መጀመሪያ ስለ ዋት እናውራ። ካርቶኑ ላይ «3000 ዋት» ይላል። አጠገቡ «ፒኤምፒኦ» የሚሉ ፊደሎች አሉ። ይሄ መለኪያ ዓለም የተስማማበት ደንብ የለውም። አምራቹ ደስ ያለውን ቁጥር ይጽፋል፣ ከልካይም ጠያቂም የለበትም። አሁን የእስፒከሩን ቻርጀር ገልብጡና አንብቡ። ብዙ ጊዜ 5 ቮልት፣ 2 አምፒር ይላል። ክፍል ውስጥ ያስተማርኳችሁን አስታውሱ፦ 5 ሲባዛ በ2 እኩል ይሆናል 10 ዋት። 10 ዋት የገባለት ዕቃ 3000 ዋት ከየት ያመጣል? ባትሪው ለቅጽበት ከቻርጀሩ በላይ ሊሰጥ ይችላል፣ ልክ ነው። ሦስት መቶ እጥፍ ግን አይሰጥም። ጉልበት ከምንም አይፈጠርም፤ ካርቶን ላይ ስለተጻፈም አይፈጠርም። የምትፈልጉት ቁጥር «አርኤምኤስ» የሚለው ነው፤ ዕቃው ሳያቋርጥ የሚያወጣው እውነተኛ ኃይል እሱ ነው። እሱ ካልተጻፈ ሻጩን ጠይቁት። ካላወቀ እናንተም አታውቁም ማለት ነው፤ የማታውቁትን አትግዙ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልግባ። ሙዚቃ ማጫወቻ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር አለ፦ ቶሎ የሚያረጅና የማያረጅ። ብሉቱዝ፣ ዋይፋይ፣ አፕሊኬሽን፣ ባትሪ በጥቂት ዓመት ያረጃሉ። ትራንስፎርመር፣ አምፕሊፋየር፣ በእንጨት ሳጥን የተሠራ እስፒከር ግን ከተያዘ ከሠላሳ ዓመት በላይ ይኖራል። አዲሱ የሱቅ እስፒከር ሁለቱን አንድ ፕላስቲክ ውስጥ ጠርቅሞ ይሸጥላችኋል። ባትሪው ሲሞት ደህናው እስፒከር አብሮት ይጣላል። ቤታችሁ ያለው ቴፕ ግን የማያረጀውን ግማሽ ቀድሞ ይዞታል። የጎደለው የሚያረጀው ግማሽ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ርካሹ ነው።

ስሙ የብሉቱዝ መቀበያ ይባላል፤ ብሉቱዝ ሪሲቨር። የክብሪት ሳጥን የምታክል ነገር ናት። ውጭ አገር ከ10 እስከ 30 ዶላር ትሸጣለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ መቶን አልፏል፤ ስለዚህ እዚህ ስትደርስ ዋጋዋ ያንን ይከተላል። ቢሆንም ከሚብለጨለጨው እስፒከር ጋር አይወዳደርም።

አገጣጠሙ ይሄው። ከቴፑ ጀርባ «ኦክስ» ወይም «ላይን ኢን» የሚል ቀይና ነጭ ቀዳዳ ፈልጉ። «ሲዲ» የሚለውም ይሆናል። «ፎኖ» የሚለው ላይ ግን እንዳትሰኩት። እሱ ለሸክላ ማጫወቻ የተሠራ ስለሆነ ደካማውን የመርፌ ምልክት በጣም ያጎላል፤ ከስልክ የመጣ ድምፅ ሲገባበት ይበላሻል። ቀይና ነጭ ቀዳዳ ከሌለው፣ ካሴት ማስገቢያው ከሠራ፣ ድሮ ለመኪና ይሸጥ የነበረው ገመድ ያለው የካሴት ቅርጽ መፍትሔ ነው። እሱም ካልሆነ ሰፈራችሁ ያለ ሬዲዮ ሠሪ በሊድ መግቢያ ያወጣላችኋል። ቴፑን ራሳችሁ አትክፈቱት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ሊቀር ይችላል።

ሦስት ምክር ልጨምር። አንደኛ፣ መቀበያዋን በርካሽ ቻርጀር ካስነሳችኋት «እዝዝ» የሚል ድምፅ ልትሰሙ ትችላላችሁ። በደህና የስልክ ቻርጀር ወይም በፓወር ባንክ ሞክሯት። ሁለተኛ፣ የስልኩን ድምፅ ወደ መጨረሻው አስጠጉና መጨመርና መቀነሱን በቴፑ አድርጉ። ሦስተኛ፣ ቴፑ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ። እዚያ 110 ወይም 120 ቮልት ነው፣ እኛ 220 ነን። ያለ መቀነሻ ትራንስፎርመር ከሰካችሁት በጭስ ትሸኙታላችሁ።

መቀበያ መግዛትም የከበደው ሰው አለ። ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ መሳቢያችሁ ውስጥ የለም? የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ካለው በአንድ ገመድ ከቴፑ ጋር አገናኙትና እዚያው ተዉት። የቤቱ ማጫወቻ እሱ ይሁን። ስልክ ተደውሎ ዘፈኑን አያቋርጠውም፣ ሚስጥራችሁም በእስፒከር አይወጣም።

«ብሉቱዝ ድምፁን ይቀንሳል፣ ዋይፋይ ነው የሚሻለው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እውነት አላቸው፤ ግማሽ እውነት። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ ነው የሚያስተላልፈው፣ ቤት ውስጥም ከ10 ሜትር ብዙም አያልፍም። ዋይፋዩ ሳይጨምቅ ያስተላልፋል፣ ስልኩን ይዛችሁ ወደ ጓሮ ብትሄዱም አይቆራረጥም። ግን አስተውሉ። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2015 ለዚሁ ለአሮጌ ቴፕ የሚሆን ክሮምካስት ኦዲዮ የሚባል ትንሽ ዕቃ በ35 ዶላር አወጣ። ጥሩ ዕቃ ነበር። በጥር 2019 ማምረት አቆመ። አራት ዓመት እንኳ አልሞላውም! ዛሬ ከሚመሰገኑት አንዱ ዊም ሚኒ ሲወጣ 100 ዶላር ገደማ ነበር። ቤታችሁ ቋሚ ኢንተርኔት ካለና ኪሳችሁ ከፈቀደ ግዙት፣ አልከለክልም። ግን ከአሮጌው ቴፕ ጋር አገናኙት እንጂ ቴፑን አትተኩበት። ነገ ኩባንያው ሲተወው የምትጥሉት ትንሿን ሳጥን ብቻ ይሆናል።

በሞባይል ዳታ የሚሰማ ሰው ደግሞ ሒሳቡን ይወቅ። በ128 ኪሎቢት የሚመጣ ዘፈን በሰዓት ወደ 58 ሜጋባይት ይበላል፤ በ320 ኪሎቢት ደግሞ 144 ሜጋባይት። በቀን ሦስት ሰዓት ብትሰሙ በወር በመጀመሪያው 5 ጊጋባይት ገደማ፣ በሁለተኛው 13 ጊጋባይት ገደማ ነው። አራት ደቂቃ የሚወስድ ዘፈን አንዴ ብታወርዱት ግን በትልቁ ጥራት 10 ሜጋባይት አይሞላም፤ መቶ ጊዜ ብትሰሙት ሌላ ዳታ አይበላም። ስለዚህ አውርዳችሁ ስሙ።

ከየት ነው የምታወርዱት? እዚህ ላይ ነው ጠብ የምፈልገው። ከዩቲዩብ ተቀድቶ፣ ተጨምቆ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ተሻግሮ የመጣ ዘፈን ስታጫውቱ ድምፁ ለምን እንደሚሻክር አትጠይቁኝ። ምንጩ የተበላሸ ድምፅ በየትኛውም እስፒከር አይጠራም። ድምፃዊውም፣ ግጥም ጸሐፊውም፣ ዜማ ደራሲውም ከዚያ ፍላሽ አንድ ሳንቲም አያገኙም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ከወጣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው? ሕጉ አለ፣ እኛ ነን የሌለነው።

አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር ሸክላ የማሳተም ብቸኛው መብት የአገር ፍቅር ነበር። ሕግ ተጋፍቶ፣ የራሱን ገንዘብ አውጥቶ፣ የዓለማየሁ እሸቴን የመጀመሪያ ሸክላ ሕንድ ድረስ ልኮ አሳተመ። ያን ሁሉ ያደረገው ዘፈኑ ቤታችን እንዲገባ ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ ኤልያስ መልካ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ አውታርን መሠረተ፤ ዘፈን በስልክ በሕጋዊ መንገድ ተገዝቶ ባለሙያው እንዲከፈለው። ኤልያስ መስከረም 2012 ዓ.ም. አረፈ። ኋላ ሰዋስው የሚባለውም መጣ። ከእስፒከሩ ያተረፋችሁትን ብር ለሕጋዊ ዘፈን አውሉት። እሱ ነው ትክክለኛው ማሻሻያ።

አሁን የሚመጣውን ተቃውሞ ልመልስ። «ቴፑ ያንኮሻኩሻል፣ አንዱ እስፒከር አይሠራም።» ድምፅ መጨመሪያው አቧራ ይዞ ነው የሚያንኮሻኩሸው፤ ሬዲዮ ሠሪው በማጽጃ ያስተካክለዋል። የእስፒከሩ ዙሪያ ስፖንጅ ቢበጣጠስም ይቀየራል። «ኮንዶሚኒየም ነው፣ ቦታ የለኝም።» ይሄ እውነተኛ ምክንያት ነው፣ አልከራከርም። ግን ከመጣላችሁ በፊት ቦታ ላለው ወንድም ወይም እህት ስጡት። «መብራት ይጠፋል።» ልክ ነው፣ ባለባትሪው እዚህ ላይ ይበልጣል። መብራት ሲጠፋ ለምትሰሙት ትንሽ እስፒከር ይኑራችሁ፤ ትንሿ ግን የትልቁን ቦታ አትውሰድ። ለቴፑ ደግሞ ስታቢላይዘር አድርጉለት፣ መብራት ሲጠፋም ንቀሉት። ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው መብራቱ ሲመለስ ነው።

«ድምፁ አነስተኛ ነው፣ ሰፈር አይሰማውም» የሚለኝ ካለ ደግሞ እንኳን አልተሰማ! ሰፈሩ ሞንታርቦ አላነሰውም። ሁለት እስፒከር በግራና በቀኝ ሁለት ሜትር አራርቃችሁ፣ መሐል ተቀምጣችሁ አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው ስሙ። ክራሩ ከየት በኩል እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። አንድ ጣሳ የሚያክል እስፒከር፣ ስንት ሺህ ዋት ቢጻፍበት፣ ይሄንን አያደርግላችሁም።

እና የዛሬ የቤት ሥራችሁ፦ ዳንቴሉን አንሱ፣ ቴፑን ከግድግዳው ሳብ አድርጉ፣ ጀርባውን ፎቶ አንሱና ኮሜንት ላይ ለጥፉልኝ። የትኛው ቀዳዳ እንደሆነ እነግራችኋለሁ። የልዋጭ ልጅ ቀድሟችሁ ከሆነ ግን እኔም የምረዳችሁ ነገር የለም።

ቸር ሰንብቱ።