ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወሩ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት አመራረጥ

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ እንዲዛወር የታዘዘበት ደብዳቤ በደረሰው ጊዜ፥ በቤቱ ውስጥ አስቀድሞ የሚነሣው ነገር የቤት ኪራይና የጓዝ ማጓጓዣ ነው። ምንጣፉ ይጠቀለላል፥ ድስቱና ሰታቴው ይታሰራል፥ ዘመድና ጐረቤት ለስንብት ይሰበሰባል፤ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጅ ወዴት ገብታ እንደምትማር ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ጓዙ ከመኪና ላይ ከወረደ በኋላ ነው። በዚህ ሳምንት በቤተ ሰብ ገጻችን ልንናገርበት የወደድነው ስለዚሁ ነገር ነው፤ ይልቁንም ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ ተዛውረው፥ ልጆቻቸውን በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማስገባት ለሚያስቡ ወላጆች እንጽፋለን።

እኛ የምንመክረው ቅደም ተከተሉ እንዲገለበጥ ነው። ይኸውም አስቀድሞ ትምህርት ቤቱን መፈለግ፥ ቀጥሎም በአቅራቢያው ቤት መከራየት ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚቀበለው በአካባቢው የሚኖረውን ልጅ ነውና፥ ቤት የተከራየ ሰው ሳያስበው ትምህርት ቤትም መርጧል ማለት ነው። እንግዲህ ስለ ቤቱ መስኮትና ስለ ውሃው ቧንቧ ሦስት ቀን ሲመረምር የሰነበተ አባት፥ ልጁ አራት ዓመት ስለሚውልበት ስፍራ ግማሽ ቀን እንኳ ሳይመረምር መቅረቱ የሚያስገርም ነው።

ከደሴ ተዛውረው የመጡ አንድ ወዳጃችን ኪራዩ ቀለል ስላለላቸው በየካ አባዶ ቤት ተከራዩ። ሴት ልጃቸውን ግን በመካከል ከተማ ወዳለ ስሙ ወደ ገነነ ትምህርት ቤት ካልሆነ አላስገባም ብለው፥ ስንት አማላጅ ልከው አስገቡ። ልጅቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እየተነሣች፥ በታክሲ ሰልፍ ቆማ ሁለት መኪና እየለወጠች ትሄድ ነበር፤ ስትመለስም ጀምበር ጠልቆ ነው። በደሴ ሳለች ከክፍልዋ 3ኛ የምትወጣ ነበረች፤ በአዲሱ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት 41ኛ ሆነች። አባትዮው ልጅቱ ሰነፈች ብለው ተቈጡ። እናትዮዋ ግን ማታ ማታ መጽሐፉን እንደ ገለጠች በራትዋ አጠገብ እንቅልፍ ሲወስዳት ያዩ ነበርና፥ ልጄ አልሰነፈችም፥ መንገዱ በላት ብለው መለሱ። በሰኔ ወር ያንን ቤት ለቀው፥ ሁለት ክፍል ብቻ ያለውን፥ ኪራዩም የሚበልጠውን ሌላ ቤት ያዙ፤ ልጅቱም በእግርዋ ሩብ ሰዓት ወደሚያስኬድ፥ ማንም ስሙን ከማያነሣው ትምህርት ቤት ገባች። የሳሎኑ ወንበር ለቤቱ ስላልበቃ ግማሹ ተሸጠ። ወዳጃችን ስለ ወንበሩ እስከ ዛሬ ያዝናሉ፤ ስለ ልጅቱ ግን ማዘን ትተዋል።

የትምህርት ቤት ስም ነገር አባቶችን እጅግ ያታልላል። አያቴ የተማሩበት፥ አባቴ የተማረበት እያሉ የሚፈልጉ ብዙዎች ናቸው። ይህ አሳብ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ስሙና ቤቱ አብረው የማይቈዩ መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ስንት ሹማምንትና ሊቃውንት ያወጣ ነበር፤ ዛሬ በዚያ ግቢ የሚገኘው የእጅ ሥራና የቴክኒክ ሞያ የሚሰጥበት እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። ለሴቶች ልጆች የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትም ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የካቲት 12 ተብሎ ኖሯል። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግን ዕድሜው ከ100 ዓመት አልፎ እስከ ዛሬ ያስተምራል። ቢሆንም በዚያ ግቢ ዛሬ ቆሞ የሚያስተምረው ሰው የዛሬ መምህር እንጂ አያታችሁን ያስተማሩት አይደሉም።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለፍን ሰዎች ይህ ነገር እንግዳ አይሆንብንም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ ከአገር ወደ አገር ሲሄድ፥ ሕንፃው እንዴት ነው ብሎ የጠየቀበት ጊዜ የለም። ድጓ የሚሻ ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አምባ፥ ቅኔ የሚሻ ወደ ዋሸራ፥ ትርጓሜ መጻሕፍት የሚሻ ወደ ጐንደር ይሄድ ነበር፤ በየመንገዱ የሚጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም በወንበሩ ላይ ያሉት መምህር ማን ናቸው የሚል ነው። መምህሩ አርፈው ወይም ወደ ሌላ ደብር ተሻግረው ከሆነ፥ የስፍራው ስም ምንም ቢገንን ተማሪው አኮፋዳውን አንሥቶ ጉዞውን ይቀጥላል። ያ ውሻ እየጮኸበት ቁራሽ የሚለምን ድኻ ተማሪ የነበረውን ጥበብ፥ ዛሬ በመኪና የሚዛወር ሹም ሊያጣው አይገባም።

መምህሩን ለማወቅ ግን መሄድ ያስፈልጋል፤ የሚሄዱትም በወላጆች በዓል ቀን ሳይሆን በተራ ቀን፥ ለምሳሌ ረቡዕ ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ከበሩ አጠገብ ጥቂት ቁሙ። ትምህርት ተጀምሮ ሳለ በግቢው የሚዞሩት ልጆች ስንት ናቸው? መምህር የሌለበት ክፍል ከሩቅ በጫጫታው ይታወቃል፤ ይህን ለመለየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከዚያ አንዱን ተማሪ በትሕትና ጠርታችሁ፥ ልጄ፥ ትናንት የፊዚክስ መምህራችሁ ገብተው ነበርን? ብላችሁ ጠይቁ። ልጆች ስለዚህ ነገር አይዋሹም። ርእሰ መምህሩንም ስታገኙ ትምህርት ቤቱ መልካም ነውን ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልካም አይደለም የሚል ርእሰ መምህር እስከ ዛሬ አልተወለደም። ይልቅስ ዘንድሮ መምህር ያልተገኘለት የትኛው ትምህርት ነው? በአንድ ክፍል የሚቀመጡት ስንት ናቸው? ትምህርቱ በሙሉ ቀን ነው ወይስ በፈረቃ? ብላችሁ ጠይቁ። በከሰዓት በኋላው ፈረቃ የምትማር ሴት ልጅ በጨለማ ልትመለስ የምትችል መሆንዋን አስቡ። የመጻሕፍት ቤቱንም እዩ፤ መጻሕፍቱ ጠርዛቸው ያረጀ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፥ አቧራ የለበሱ ከሆነ ግን ቤቱ ለጌጥ የተሠራ ነው። እናቶች ደግሞ የሴቶችን መጸዳጃ ቤት ሳያዩ አይመለሱ፤ መዝጊያና ውሃ የሌለው ከሆነ ልጅቱ በየወሩ ስንት ቀን ከትምህርት እንደምትቀር እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ።

ስለ ፈተና ውጤት የሚነገረውን በጥንቃቄ መስማት ይገባል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጀምሮ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እየተወሰዱ የሚፈተኑት ሆኗል። ይህም ሥርዓት ከወጣ ወዲህ እውነተኛው ሚዛን ተገለጠ፤ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት በ2014 የትምህርት ዘመን ከመቶ 3.3፥ በ2015 ከመቶ 3.2፥ በ2016 ከመቶ 5.4፥ በ2017 ከመቶ 8.4 ብቻ ነበሩ። በ2015 አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት ከዚያ ዘመን በፊት ስላገኘው ዝና የሚነግራችሁ ሰው ቢኖር፥ ከ2014 ወዲህ ያለውን ንገረኝ በሉት። ደግሞም ያለፉትን ቍጥር ብቻ ሰምታችሁ አትርኩ፤ የተፈተኑትንም ጠይቁ። እንበልና አንዱ ትምህርት ቤት 500 አስፈትኖ 25 ቢያሳልፍ፥ ሌላው 80 አስፈትኖ 12 ቢያሳልፍ፥ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ 25ቱ ነው፤ የሚበልጠው ግን ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ከ20 ተማሪ አንዱን፥ ሁለተኛው ግን ከ7 ተማሪ አንዱን ያሳልፋልና። በፈተና የተመረጡ ልጆች ብቻ የሚገቡባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ የእነርሱን ውጤት ሁሉን ከሚቀበለው የሰፈር ትምህርት ቤት ጋር ማወዳደር የተመረጠ እህልን ከአውድማ እህል ጋር እንደ ማወዳደር ነው።

ከኦሮሚያ ወይም በራሱ ቋንቋ ከሚያስተምር ከሌላ ክልል የሚመጣ ልጅ፥ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርቱ መስጫ በሁሉም ስፍራ እንግሊዝኛ ስለሆነ በክፍል ውስጥ እምብዛም አይቸገርም፤ የሚቸገረው በዕረፍት ሰዓት ከጓደኞቹ ጋር በሚያደርገው ጨዋታ ነው፥ እርሱም በጥቂት ወር ያልፋል። 11ኛ ክፍል የሚገባው ልጅ ግን የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የኅብረተሰብ ሳይንስ የሚለይበት ጊዜ ነውና፥ የመረጠው ክፍል በዚያ ትምህርት ቤት ቦታ ያለው መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመለስ። የዝውውር ደብዳቤ የትምህርት ዘመንን አይጠብቅም፤ በኅዳርም በየካቲትም ይመጣል። ታዲያ ልጁን አብሮ መውሰድ ነው ወይስ እስከ ሰኔ ድረስ ከአያቱ ዘንድ መተው? በዚህ ነገር ከብዙ ሰዎች ጋር ተከራክረናል። የእኛ አሳብ እንዲህ ነው፤ 12ኛ ክፍል የደረሰውን ልጅ ከቦታው አታነቃንቁት። ለብሔራዊው ፈተና የሚመዘገበው በሚማርበት ትምህርት ቤት በኩል ነውና፥ በመካከል የተነቀለ ልጅ የአራት ዓመት ድካሙን በአንድ የምዝገባ ቀን ሊያጣ ይችላል። የ9ኛ ክፍሉን ግን ይዛችሁ ሂዱ። በመካከል ያሉት የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ነገር እንደ ልጁ ጠባይ ነው፤ አያት ዘንድ የቀረ ልጅ ይበላሻል የሚሉ ሰዎች ጥቂት እውነት አላቸው፤ ነገር ግን በየካቲት ወር ማንንም ወደማያውቅበት ክፍል ገብቶ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅም የሚበላሽበት መንገድ አለው። እኛ እንደምናየው፥ ልጁን ራሱን አስቀምጦ መጠየቅ ይበጃል። የ16 ዓመት ልጅ ስለ ራሱ የሚያውቀው ነገር አለ፤ አባቶቻችን እኛን አልጠየቁንም ማለት ምክንያት አይሆንም። የሚገባበትንም ትምህርት ቤት ስትመርጡ ይዛችሁት ሂዱ።

የቀረው የወረቀት ነገር ነው፤ በዚህስ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ብዙ ዘመን ስለ ተቀመጥን ከሌላው ይልቅ ደፍረን እንናገራለን። አዲሱ ትምህርት ቤት ከቀድሞው የመሸኛ ደብዳቤ፥ የየክፍሉን ውጤት የያዘ ማስረጃና የ8ኛ ክፍል ፈተና ካርድ ይጠይቃል፤ የልደት ምስክር ወረቀትም ይፈለጋል። በእነዚህ ወረቀቶች ላይ የልጁ ስም አንድ ዓይነት ሆኖ መገኘቱ ከሚታሰበው ይልቅ ብርቅ ነው። በአንዱ ወልደ ሚካኤል የተባለው በሌላው በእዝባር ያጠረ ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል፤ አንዳንዱም ልጅ በትምህርት ቤት አያቱ ባወጡለት ስም ተመዝግቦ፥ በልደቱ ወረቀት ግን አባቱ ባወጣለት ስም ይገኛል። በነሐሴና በመስከረም ስም ለማስተካከል አቤቱታ ይዘው ወደ ፍርድ ቤት ከሚመጡት ወላጆች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ልጁን ከሕፃንነቱ የሚያውቁት ምስክሮች ያሉት በቀድሞው ከተማ ስለሆነ፥ እነርሱን በመኪና አስመጥቶ ማስመስከር ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል፤ በዚህም መካከል ምዝገባው ያልፋል። ስለዚህ መሸኛውን ከመቀበላችሁ በፊት፥ እዚያው በቀድሞው ትምህርት ቤት በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ወረቀቶቹን ሁሉ ጐን ለጐን ዘርግታችሁ የልጁን፥ የአባቱንና የአያቱን ስም በአማርኛውም በእንግሊዝኛውም ፊደል በፊደል አንብቡ፤ የተሳሳተም ቢኖር ልጁን በሚያውቁት ሰዎች ፊት አስተካክላችሁ ማኅተም አስመቱበት። የ8ኛ ክፍሉን ካርድ ዋናውን በጓዝ መኪና አትጫኑት፤ በእናትየው ቦርሳ ይሁን። ለአዲሱ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ዋናውን አሳዩትና ቅጂውን ስጡት፤ ዋናውን ይዞ ልመልከተው ነገ ተመለሱ ቢላችሁ፥ እኛም ነገ ይዘን እንመለሳለን ብላችሁ ተቀበሉት።